ስለ ልብስ ቅድና ስፌት ሥልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሏ ለሞተባት ወይም ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣ፣ ቅድና ስፌት ጥሩ መተዳደሪያ ነው። መንገዱን የሚያበላሹት ግን እነዚህ አባባሎች ናቸው።

«የስፌት መኪና ከተሰጣት ራሷን ቻለች።»

የጨርቅ መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ የከሰል ካውያና ትርፍ መርፌዎች አብረው ካልተሰጡ የመጀመሪያዋ መርፌ ስትሰበር ሥራው ይቆማል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ በእግር የሚረገጥ መኪና ይመረጥ።

«ክር ከበጠሰ መኪናው ተበላሽቷል።»

በዚህ ምክንያት ስንቱ ደህና መኪና ጥግ ይዟል! ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መርፌው ላይ ነው። የመርፌው ረጅም ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ስፌቱ ይዘላል፣ ክሩም ይበጠሳል። ለካኪ 100 ቁጥር፣ ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80 ቁጥር መርፌ ይሁን። ክሩ ከጨርቁ ሥር ሲተበተብ ብዙዎች ቦቢኑን፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን፣ ይነካካሉ፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፤ ክሩ ማጥበቂያው ውስጥ በትክክል አልገባም። ጨርቅ የሚረግጠውን እግር አንስቶ ክሩን እንደ አዲስ ማስገባት ነው። ጀማሪ ደግሞ ስትረግጥ ሳታውቀው የመኪናውን ጎማ ወደ ኋላ ታዞረዋለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ክር፣ መስመር ባለው የደብተር ወረቀት ላይ ትለማመድ። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አይደረግበት፤ ይደርቅና መኪናውን ያጣብቀዋል።

«ፊደል ያልቆጠረች ቅድ አትችልም።»

ቅድ የሚጠይቀው ቁጥር መለየትና ለአራት ማካፈል ነው። ማካፈሉ ካስቸገራት ሜትሩን ልኩ ላይ ይዛ ሁለት ጊዜ ትጠፈው። የደረት ዙሪያ 92 ሳንቲሜትር ከሆነ ሩቡ 23 ይወጣል፤ ለምቾት 2፣ ለስፌት 1.5 ሲጨመር 26.5 ይሆናል። ገበያ ላይ በርበሬ ሸጣ መልስ የምትመልስ ሴት ይህ አያቅታትም። የጥጥ ጨርቅ ግን ሳይቀደድ በፊት ይነከርና ይድረቅ፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል።

«ሰልባጅ ገበያውን ዘግቶታል።»

ሰልባጅ ራሱ ሥራ ያመጣል፤ ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። ጨርቁ የደንበኛው ስለሆነ መነሻ ገንዘብ የሌላት ሴት በዚህ ትጀምር። ነሐሴ ሲመጣ ዩኒፎርም አለ። ግርጌው ላይ 5 ሳንቲሜትር እጥፋት ከተተወ ልጁ ሲረዝም ይለቀቃል፤ ወላጅ ይህን ካየ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል። የገበሬው ቁምጣ ቶሎ የሚተረተረው መቀመጫው ላይ ስለሆነ እዚያ ድርብ ስፌት ይሰፋ።

«በረንዳ ላይ መስፋት የወንድ ሥራ ነው።»

ብዙ ሴት ደንበኞች ልካቸውን በሴት ቢለኩ ይቀላቸዋል።

«ቀኑን ሙሉ ማሠልጠን ያፈጥናል።»

ከሰዓት ጉልት የምትቀመጥ እናት የዕለት ጉርሷን ትታ አትመጣም፤ ብትጀምርም ታቋርጣለች። ሥልጠናው ጠዋት ብቻ ይሁን፣ ሕፃናቱን የሚይዝ ሰውም እዚያው ይመደብ።