የመድኃኒት መስተጋብር ምንድን ነው? የፈንገስ ክኒን ከኮሌስትሮል ክኒን ጋር ሲገናኝ

አንዲት እናት ለኮሌስትሮላቸው የታዘዘላቸውን ሲምቫስታቲን በየማታው ሲውጡ ዓመታት አልፈዋል እንበል። ክኒኑ ተስማምቷቸዋል። አሁን ደግሞ የእግራቸው ጥፍር ወፍሮ ቢጫ ስለሆነ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ኢትራኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ አልጠየቀም። እርሳቸውም «ያኛው የልብ ነው፣ ይህ የጥፍር ነው፤ ምን ያገናኛቸዋል?» ብለው አላነሡትም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከበርጩማ ሲነሡ ጭናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሚኒባስ ላይ ለመውጣት የሰው እጅ መያዝ ጀመሩ። ዕድሜ ነው ብለው ታገሡት። አንድ ጠዋት ግን ሽንታቸው እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ አዩት።

የመድኃኒት መስተጋብር ማለት ይህ ነው፤ አንዱ መድኃኒት ሌላው በሰውነት ውስጥ የሚኖረውን መጠን ወይም ሥራ ይለውጣል። ከሁለቱ ክኒኖች አንዱም አልተበላሸም፣ ያለ ልኩም አልታዘዘም። ጉዳቱ የመጣው አብረው በመወሰዳቸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንጀት ግድግዳና ከጉበት ነው። በሁለቱም ቦታ ሲዋይፒ 3ኤ4 የሚባል ኤንዛይም አለ፤ ሥራውም የዋጥናቸውን ብዙ መድኃኒቶች እየሰባበረ ከሰውነት እንዲወጡ ማድረግ ነው። ሲምቫስታቲን በዚህ ኤንዛይም እጅግ ይሰባበራል። ከተዋጠው ውስጥ ሳይለወጥ ወደ አጠቃላዩ የደም ዝውውር የሚደርሰው ከመቶ 5 እጅ እንኳ አይሞላም። የክኒኑ መጠን የተወሰነውም ይህ ታስቦ ነው። ኤንዛይሙ ሥራውን ካቆመ ግን ያ ሁሉ ሲሰባበር የነበረው መድኃኒት እንዳለ ወደ ደም ይገባል።

ሥራውን የሚያስቆሙት ደግሞ ስማቸው «ናዞል» ብሎ የሚያልቀው የፈንገስ መድኃኒቶች ናቸው። ፈንገስ የሕዋሱን ሽፋን የሚሠራው ኤርጎስቴሮል በሚባል፣ ከእኛ ኮሌስትሮል ጋር በሚዛመድ ቅባት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ቅባቱን የሚሠራውን የፈንገስ ኤንዛይም መሐሉ ላይ ካለው ብረት ጋር ተጣብቀው ያሰሩታል። የእኛው የጉበት ኤንዛይምም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ እርሱም መሐሉ ላይ ብረት አለው። ስለዚህ ፈንገሱን ሊይዝ የተላከው መድኃኒት የእኛንም ይይዛል። ስታቲኖች፣ ማለትም እንደ ሲምቫስታቲን ያሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች፣ ራሳቸው መጀመሪያ የተገኙት ከሻጋታ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ስታቲን ያወጣው ከፔኒሲሊየም ዝርያ ነው።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? በፊንላንድ ተመራማሪዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ኢትራኮናዞል በደም ውስጥ ያለውን ሲምቫስታቲን ቢያንስ 10 እጥፍ እንደሚያሳድገው አሳይቷል። 20 ሚሊግራም የዋጠ ሰው 200 ሚሊግራም የዋጠ ያህል ይሆናል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ለጡንቻ አስጊ ነው ብሎ ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር የከለከለው መጠን 80 ሚሊግራም ነበር!

ስታቲን ሲበዛ የሚጎዳው ጡንቻ ነው። ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ራብዶማዮሊሲስ ይባላል፤ የጡንቻ ሕዋሳት እየፈረሱ በውስጣቸው ያለው ማዮግሎቢን ወደ ደም ይፈስሳል። ሽንትን የሚያጠቁረው እርሱ ነው፤ ኩላሊትንም ሥራ እስከማስቆም ይደርሳል። በጥቅሉ ሲታይ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ችግር ነው። ነገር ግን ዕድሜው በገፋ፣ ኩላሊቱ በደከመ፣ ወይም የታይሮይድ ዕጢው ሥራ ባነሰበት ሰው ላይ ሥጋቱ ይበረታል። ክሪያቲን ካይኔዝ የሚባለው የደም ምርመራ የጡንቻውን ጉዳት ያሳያል።

ሁሉም ስታቲን ግን እኩል አይደለም። ሲምቫስታቲንና ሎቫስታቲን ከኢትራኮናዞል፣ ከኬቶኮናዞል፣ ከቮሪኮናዞል ወይም ከፖሳኮናዞል ክኒን ጋር ጨርሶ መገናኘት የለባቸውም። አቶርቫስታቲን ከኢትራኮናዞል ጋር ከሆነ መጠኑ ተቀንሶና ክትትል ተደርጎበት ሊቀጥል ይችላል። ፕራቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በዚህ ኤንዛይም ብዙም ስለማይሰባበሩ ሐኪሞች ወደ እነርሱ መቀየርን ይመርጣሉ። ፍሉቫስታቲን የሚሰባበረው በሌላ ኤንዛይም ነው፤ ያንን ደግሞ ፍሉኮናዞል ይይዘዋል። ፍሉኮናዞል አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ 150 ሚሊግራም ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ክሪፕቶኮካል በሚባለው፣ ፈንገስ በሚያመጣው ማጅራት ገትር ታመው በከፍተኛ መጠን ለወራት ለሚወስዱት ሰዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የሚያሳስት ስምም አለ። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጠው ኒስታቲን በስሙ ስታቲን ይመስላል እንጂ የኮሌስትሮል መድኃኒት አይደለም። የተሰየመው በኒው ዮርክ ስቴት ስም ሲሆን ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ ከስታቲን ጋር አይጋጭም። ለጭርት የሚቀባ የክሎትሪማዞል ቅባትም ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ለጥፍር የሚሰጠው ተርቢናፊን ደግሞ ሲዋይፒ 3ኤ4ን አያስቆምም፤ ስለዚህ ከላይ ያነሣኋቸው እናት ሐኪማቸውን ስለ እርሱ ቢጠይቁ መልካም ነበር።

የፈንገስ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ስታቲኑን በራሱ ፈቃድ አይጣል፤ በተለይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ አልፎበት ከሆነ። ሁለቱንም ማሸጊያ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትም ቢሆን፣ ይዞ ለፋርማሲስቱ ያሳይ። ሐኪሙ ሲምቫስታቲኑን ለጊዜው ካስቆመው፣ የኢትራኮናዞሉ የመጨረሻ ክኒን በተዋጠ ማግሥት አይጀመርም። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ከዚያ በኋላ 2 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።