ለብቻ ማሰርና የዲሲፕሊን ማሻሻያ በሀዋሳ ማረሚያ ቤት

ሀዋሳ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ ማረሚያ ቤቷንም የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 የወጣው ለፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ስለሆነ የክልሉ አሠራር በራሱ ሕግ ይመራል። ሁሉንም የሚያስገድደው ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፣ አንቀጽ 21 ደግሞ ታራሚ ቤተሰቡ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል።

ዓለም አቀፉ የታራሚ አያያዝ መለኪያ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ናቸው። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ትርጉም ያለው ሰብአዊ ግንኙነት ሳይኖረው የተዘጋበት ሰው ለብቻው ታስሯል ይባላል። ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻ ማቆየት ክልክል ነው። ጨለማ ቤት፣ ምግብና ውሃ መቀነስ እንዲሁም የጅምላ ቅጣትም ተከልክለዋል። ጠባቂ በበር ቀዳዳ ሳህን ሲያቀብል ግንኙነት ተደረገ ሊባል አይገባም፤ አንድ ሰዓት ፀሐይ መሞቅም ብቻውን ሁኔታውን አይለውጠውም።

ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ታራሚው የተከሰሰበትን በሚገባው ቋንቋ ማወቅ፣ መከላከያ ማዘጋጃ ጊዜ ማግኘትና መደመጥ አለበት። ውሳኔውም በገለልተኛ አካል ሊታይለት ይገባል። የጤና ባለሙያ በየቀኑ ይጎበኘዋል፣ ሆኖም «ቅጣቱን ይችላል» ብሎ መፈረም የሐኪም ሥራ አይደለም። ቅጣቱ የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳቱን የሚያባብስበት ሰው ጭራሽ ለብቻው አይታሰርም።

ብልሽቱ የሚጀምረው ለብቻ የታሰሩ ሰዎች ቀን ከሚጻፍበት መዝገብ ነው። በ15ኛው ቀን አስወጥቶ በማግሥቱ መመለስ፣ ወይም ክሱ እስኪጣራ ለብቻው የቆየባቸውን ቀናት «ቅጣት አይደለም» ብሎ አለመቁጠር ገደቡን ባዶ ያደርገዋል። ስንቅ የሚያቀብል ቤተሰብ ከበር ከተመለሰ ደግሞ ታራሚው ምግቡንም ወገኑንም በአንድ ጊዜ ያጣል። በአገሪቱ ማረሚያ ቤቶች የተለመዱት የታራሚ ኮሚቴዎች ጸጥታ ሲያግዙ ቅጣት ወደ መስጠት ከተሻገሩ የማንዴላ ደንብ 40 ይጣሳል፤ ታራሚ በታራሚ ላይ ቀጪ መሆን የለበትም። ይህ በሀዋሳም ቢሆን ከሁሉ ቀድሞ መስተካከል አለበት ብለን እናምናለን።

ዲሲፕሊን ከአመክሮም (ቅጣት ሳያልቅ በጠባይ ከመፈታት) ጋር የተያያዘ ነው። አመክሮ የሚገኘው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸምና መልካም ጠባይ ሲታይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው በአንድ ያልተጣራ ክስ ሦስት ዓመት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ላልሆነ ጥፋት ማስጠንቀቂያ፣ ሽምግልና ወይም የመዝናኛ ጊዜ መቀነስ በቂ ነው፤ ቤተሰብ እንዳይጠይቅ መከልከል ግን ቅጣት ሆኖ አይሰጥም።

በሀዋሳ ጽሕፈት ቤት ያለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችን ይከታተላል። የኮሚሽኑ ባለሙያ በመዝገቡ ላይ ታራሚዎች ለብቻ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ከየክፍሉ ሰው ቁጥር ጋር ካስተያየ፣ ያልተጻፈ እስር ወዲያው ይገለጥለታል።