በቅርስ ባቡር ላይ በጎ ፈቃደኛ መሆን፦ ለጅማ ሰው

ጅማ ባቡር የላትም። የጅማ ቡና ግን ባቡርን ያውቀዋል። ለብዙ ዓመታት በጭነት መኪና አዲስ አበባ እየገባ፣ ከለገሀር ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ ኖሯል። ስለዚህ የአሮጌ ባቡር ነገር ለጅማ ሰው ባዕድ አይደለም።

ቅርስ ባቡር የሚባለው ዘመኑ ያለፈበት የባቡር መስመር ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያውና ከነፉርጎው ተጠብቆ ጎብኚ ሲያመላልስ ነው። ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሷቸው ደመወዝ የማይቀበሉ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የተጀመረው በዌልስ ነው። ታሊሊን የሚባለው ጠባብ መስመር እ.ኤ.አ. በ1865 ለጣሪያ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ለማጓጓዝ ተከፈተ። ሊዘጋ ሲል፣ በ1950 የባቡር ወዳጆች በበርሚንግሃም ተሰብስበው መስመሩን የሚያድን ማኅበር አቋቋሙ። በ1951 ባቡሩን ራሳቸው ማስኬድ ጀመሩ። በበጎ ፈቃደኞች ተርፎ ሥራ የቀጠለ የዓለም የመጀመሪያው መስመር ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን የጋራ ሥራ እኛ ደቦ እንለዋለን። በጅማ ገጠር ዳዶ የሚባልም አለ።

በጎ ፈቃደኛ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው መንዳትን ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ረጅም ነው። በእንፋሎት ባቡር ሰው የሚጀምረው በጽዳት ነው። ጎህ ሳይቀድ ይመጣል፤ የትናንቱን አመድ ይጠርጋል፤ ብረቱን በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። ቀዝቃዛ ሞተር እንፋሎት እስኪይዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ እሳቱም ቀስ ተብሎ ነው የሚያያዘው። ጽዳቱን የለመደ ሰው ተፈትኖ እሳት አንዳጅ ይሆናል። የእሳት አንዳጅ ሥራ ከሰል መወርወር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓይኑ ሁልጊዜ ከውሃ መለኪያው ላይ ነው። እንፋሎቱ በሚፈላበት ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ከሰሉ ከሚነድበት የእሳት ሳጥን ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ አደጋውም ከባድ ነው። ነጂ ለመሆን ከዚህ በኋላም ዓመታት ይጠይቃል። እኔ ይህን አካሄድ በጣም ነው የምወደው፤ ሰውየው የሚነዳውን ነገር ከአመዱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ሐዲድ ላይ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት ይቀይራሉ፤ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ፤ ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፤ ውሃ መውረጃ ቦይ ይጠርጋሉ። ጉልበት ይጠይቃል። የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ የአቅመ ደካማ ቤት ያደሰ ወጣት ግን ቶሎ ይለምደዋል።

የጅማ ሰው የሚያበራበት ቦታ ግን የፉርጎ ጋራዥ ይመስለኛል። የድሮ የመንገደኛ ፉርጎ ብዙ ነገሩ እንጨት ነው፦ በሩ፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ ወንበሩ። ዝናብ ሲገባበት ያብጣል፤ ምስጥም ይበላዋል። የሚያድነው ሰው የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ አውጥቶ፣ በልኩ አዲስ እንጨት የሚገጥም አናጢ ነው። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። በርጩማዋ ሳይቀር ስም አለው። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም የእንጨት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ባለበት ከተማ ያደገ አናጢ ፉርጎ ቢሰጡት አይደነግጥም።

ቲኬት መቁረጥ፣ ጎብኚ ማስተናገድ፣ የጣቢያውን አበባ መንከባከብም አለ። ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው።

አቀባበሉ ቦታ በቦታ ቢለያይም መሠረቱ ያው ነው። ትመዘገባለህ፤ የደህንነት ትምህርት ትወስዳለህ፤ ልምድ ካለው ሰው ሥር ትሆናለህ። ባቡሩ በሚንቀሳቀስበት ሥራ ላይ ለመሰማራት የዓይንና የጆሮ ምርመራ፣ የደንብ ፈተናም ይጠየቃል። አደራ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሮጌ ፉርጎና የእንፋሎት ገንዳ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ባለሙያ ሳያየው ማንም መፋቅ የለበትም።

በአገራችን ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቅርስ የጅቡቲ መስመር ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ ርዝመቱም ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሐዲዱ ሰፊ ስለሆነ አሮጌዎቹ ባቡሮች ሊሄዱበት አይችሉም። ስለዚህ ያሉበት ቦታ ካልተጠበቁ ሌላ መሄጃ የላቸውም። ድሬዳዋ ያለው የድሮ ጣቢያና ጋራዥ የሚጎበኝ ነው። ወደዚያ የሚሄድ አናጢ ወይም መካኒክ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ በራሱ ምንም አይንካ።

ድሬዳዋ መሄድ የማይችል ሰውም ሥራ አለው። የሰነድ ሥራ የቅርስ ባቡር ግማሹ ነው ብል አላጋነንኩም። ጅማ ውስጥ አባታቸው ወይም አያታቸው ቡና ነጋዴ የነበሩ ቤተሰቦች አሉ። ሣጥን ውስጥ የተረሳ የጭነት ደረሰኝ፣ ለገሀር የተነሡት ፎቶ ካለ ይፈለግ። በስልክ አንስቶ፣ ቀኑንና የባለቤቱን ስም ከጀርባው ጽፎ፣ ዋናውን ከእርጥበት ማራቅ ነው። አባባ ወይም እማማ በሕይወት ካሉ ደግሞ ቡናው ተፈልቶ፣ ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጎ፣ «ጭነቱን ለገሀር ማን ነበር የሚረከባችሁ?» ብሎ መጀመር ይቻላል።