በቤት የሚቀልጥ የእርሳስ አረርና የሽጉጥ አደን በአሜሪካ

እርሳስ አቅልጦ፣ በሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) አረር አውጥቶ፣ አንዴ የተተኮሰ ቀለሃ ላይ አዲስ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን) እና ባሩድ ጨምሮ፣ ጥይቱን በገዛ እጁ ገጣጥሞ በዛው ጥይት በሽጉጥ ማደን አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሙያ ነው። ስለሱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው ይሄን ያሰባሰብኩት፣ እጄ ላይ ያሉት ደግሞ በብዛት የድሮ የአደን ጽሁፎችና ላይማን የሚባለው ኩባንያ የጥይት መሙያ ማኑዋሎች ስለሆኑ ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ያለው ይበዛል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ጥይት ስል ሙሉውን ማለቴ ነው፣ አረር ስል ደግሞ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን ብቻ።

ሱቅ የሚሸጠው የአደን አረር አብዛኛው መዳብ የለበሰ ነው። ይሄኛው ግን ልብስ የለውም፣ ራቁቱን የእርሳስ ቅይጥ ነው። በጠመንጃ ፍጥነት ራቁት እርሳስ ያስቸግራል፣ አፈሙዙ ውስጥ እየተፋቀ ይቀራል። የሽጉጥ ፍጥነት ግን በሰከንድ ከ300 እስከ 430 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለእርሳስ በጣም ይስማማዋል፣ ለዚህም ነው ሙያው ከሪቮልቨር፣ ማለትም ከስድስት ጎራሽ ጋር አብሮ ያደገው። ሰው የሚገባበት ምክንያት አንዱ ዋጋ ነው፣ አንዱ ደግሞ ፋብሪካ የማይሠራለትን ከባድና ጫፈ ጠፍጣፋ አረር ለራሱ ሽጉጥ በልክ ማውጣት መቻሉ ነው፣ እኔ ብጠየቅ ዋናው ሁለተኛው ነው እላለሁ።

መነሻው የጆን ባርሎው አይዲያል የሚባለው ድርጅት ነው፣ 1884 ኒው ሄቨን ኮነቲከት ውስጥ የተቋቋመ። ባርሎው ሞልድና ጥይት መሙያ መሣሪያ ይሠራ ነበር፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጋዝ ቼክ የሚባለውን አመጣ፣ የአረሩ ቂጥ ላይ የምትገባ ትንሽ የመዳብ ክዳን ናት፣ የሚነደው ባሩድ ጋዝ እርሳሱን እንዳይበላው ትከላከላለች። አይዲያል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ 1925 ላይ ላይማን ገዛው። እስከ ዛሬ የሚሠራበት የሞልድ ቁጥርም ከዛ የመጣ ነው፣ 429421 ሲባል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የአረሩ ውፍረት ናቸው (የአንድ ኢንች 429 ሺኛ)፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የቅርጹ መለያ።

ነገሩን ነገር ያደረገው ግን ኤልመር ኪዝ ነው። 1899 ሃርዲን ሚዙሪ ተወልዶ ኑሮውን ሞንታናና አይዳሆ ላይ ያደረገ፣ ከብት ጠባቂ፣ የአደን መሪ፣ በኋላም ጸሐፊ የሆነ፣ በትልቅ ባርኔጣውና በወፍራም ሲጋሩ የሚታወቅ ሰው ነው። 1925 ላይ በጁላይ 4 በዓል ሲተኩስ 45 ኮልት ሪቮልቨሩ እጁ ላይ ፈነዳ፣ ከባድ የጠመንጃ አረር በጠበቀ ባሩድ ሞልቶበት ነበርና የሲሊንደሩ (ጥይቶቹ የሚገቡበት የሚዞረው ክፍል) የላይኛው ጎንና ከላዩ ያለው ብረት ተነስቶ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን እርግፍ አድርጎ ይተወው ነበር፣ ኪዝ ግን ታሪኩን ጽፎ ለአሜሪካን ራይፍልማን መጽሔት ላከና ታተመለት፣ የጽሁፍ ሥራውም ከዛ ጀመረ ማለት ይቻላል። ከዛ በኋላ 44 ስፔሻል ወደሚባለው ጥይት ዞረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የ44 ቀለሃ ከ45ቱ ስለሚቀጥን በተመሳሳይ ሲሊንደር ላይ ቀዳዳው ይጠብና ግድግዳው ይወፍራል፣ ስለዚህ ግፊት ይችላል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ለላይማን የነደፈው 429421 እስከ ዛሬ ኪዝ አረር እየተባለ የሚጠራው ነው። ክብደቱ 250 ግሬን አካባቢ፣ በኛ 16 ግራም ይሆናል። ጫፉ ሰፊ ጠፍጣፋ ነው፣ ሦስት እኩል የሰፉ ቀለበቶች አሉት፣ የፊተኛው ቀለበት ከቀለሃው ውጪ ሆኖ በሙሉ ውፍረቱ ሲሊንደሩ ጉሮሮ (የሲሊንደሩ ቀዳዳ የፊት ጫፍ) ውስጥ ስለሚቀመጥ አረሩ ገና ሳይተኮስ ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፣ ግሪስ የሚይዘው ቦይ ካሬና ጥልቅ ነው፣ ቀለሃው የሚታጠፍበት ሌላ ቦይም አለው። እንዲህ አስተካክሎ የተሠራ አረር ከሱ በፊት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ላይማን ከጊዜ በኋላ ሞልዱን ሲያድስ የግሪሱን ቦይ ክብ አደረገው፣ የፊቱን ቀለበትም አቀጠነው፣ ኪዝም በዚህ ጉዳይ ሲያማርር ነው የኖረው፣ እውነቱን ነበር፣ ዛሬ በትእዛዝ ሞልድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወደ መጀመሪያው ቅርጽ የተመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ ምሥራቅ ፊል ሻርፕ የሚባል ሌላ ጸሐፊ ከሽጉጥ ፋብሪካው ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሜጀር ዳግላስ ዌሰን ጋር ሆኖ 357 ማግነም የሚባለውን ሀይለኛ ጥይት ይገፋ ነበር፣ 1935 ላይ ወጣ፣ የመጀመሪያው ሽጉጥም የኤፍቢአይ ኃላፊ ለነበረው ለኤድጋር ሁቨር ተሰጠ። ዌሰን ራሱ ይዞት አደን ወጥቶ ፕሮንግሆርን፣ ኤልክና ሙስ የሚባሉትን የአሜሪካ ቀንዳም እንስሳትና ግሪዝሊ ድብ ገደለበት፣ ማስታወቂያም አደረገው። የሻርፕ አረር ከኪዝ ንድፍ የተነሳ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ የሻርፕ ወገኖች ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ይላሉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው ግን መመሳሰሉ አይደበቅም። የፋብሪካው የ357 እርሳስ ለስላሳ ስለነበር አፈሙዝ ያቆሽሽ ነበር፣ በራሱ ሞልድ ጠንከር ያለ ቅይጥ የሚያወጣው ሰው ግን ያ ችግር አልነካውም።

ኪዝ 44 ስፔሻልን በዚህ መልክ ሀይለኛ አድርጉልኝ እያለ ፋብሪካዎቹን ለዓመታት ወተወተ። በመጨረሻ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን፣ ሬሚንግተን ጥይቱን ለመሥራት ተስማሙ፣ ቀለሃውን በስህተት ደካማው የድሮ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ትንሽ አስረዘሙትና 44 ማግነም ተባለ። የመጀመሪያው ሽጉጥ በዲሴምበር 1955 መጨረሻ ተሠራ፣ ገበያ ላይ የዋለው 1956 ነው፣ ሞዴል 29 የሚለውን ስም ያገኘው 1957 ነው፣ ሩገር የሚባለው ሌላ የሽጉጥ ፋብሪካም ወዲያው በ1956 ብላክሆክን በ44 ማግነም አወጣ። የሚገርመው ሬሚንግተን ያወጣው አረር 240 ግሬን፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ጋዝ ቼክ ያለው ነበር እንጂ የኪዝ አረር አልነበረም፣ እሱም ደስ አላለውም፣ ቤቱ ሳልመን አይዳሆ ቁጭ ብሎ የራሱን ማቅለጥ ቀጠለ።

በ44 ማግነም በ600 ያርድ፣ 550 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ሌላ ሰው ያቆሰለውን አጋዘን መትቶ ጣለ የሚባለው ታሪክ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። አንዳንዱ ተረት ነው ይላል። እሱ ግን የተኮሰውን ሁሉ አልመታሁም፣ የቆሰለ እንስሳ እንዳያመልጥ ብዬ ነው እንጂ ጤነኛ እንስሳ ላይ አላደርገውም ነበር ብሎ በጽሁፍ ተከራክሯል፣ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይዋሻል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ተራ አዳኝ ግን በሽጉጥ ከ100 ያርድ በላይ ባይተኩስ ይሻለዋል፣ ብዙዎቹ 50 ላይ ነው የሚያቆሙት። ኪዝ በ1984 አረፈ።

ታዲያ እርሳስ እንዴት ይገድላል? የጠመንጃ አረር በፍጥነቱ ሥጋ ውስጥ ይፈነዳል፣ ይሰፋል። የሽጉጥ ፍጥነት ለዛ አያስተማምንም፣ ስለዚህ ሰፊው ጠፍጣፋ ጫፍ ራሱ ነው ሥራውን የሚሠራው፣ ገና ሲገባ ሥጋውን ወደ ጎን እየገፋ ሰፊ ቀዳዳ ከፍቶ ይሄዳል፣ ከባድ ስለሆነም አጥንት ሰብሮ በሌላ በኩል ይወጣል። ሁለት ቀዳዳ ማለት ብዙ ደም ነው፣ ብዙ ደም ማለት ዱካ ነው። ክብ ጫፍ ያለው እርሳስ በተመሳሳይ ክብደትና ፍጥነት ሥጋውን ሾልኮ ያልፋል፣ እንስሳው ሩቅ ይሄዳል።

ጥንካሬ ላይ ነው ጭቅጭቁ። በብሪኔል መለኪያ ንጹህ እርሳስ 5 አካባቢ ነው፣ ከጎሚስታ የሚገኘው የጎማ ባላንስ እርሳስ 12 ገደማ፣ ላይማን ቁጥር 2 የሚባለው ቅይጥ (ከመቶ 90 እርሳስ፣ 5 ቲን፣ 5 አንቲሞኒ) 15፣ የድሮ ማተሚያ ቤት ላይኖታይፕ (84 እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቲን) 22። ጀማሪ ሁሉ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል ብሎ ነው የሚነሳው፣ አይደለም። በጣም የጠነከረ አረር ልኩ ትንሽ ካነሰ ግፊቱ አስፍቶ አፈሙዙን አይሞላውም፣ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን እየላጠ አፈሙዙ ላይ ይለጥፈዋል። ከጥንካሬ ይልቅ ልክ ይበልጣል፣ አረሩ ከሲሊንደሩ ጉሮሮ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ጉሮሮው ደግሞ ከአፈሙዙ ውስጠኛ ቦይ መጥበብ የለበትም፣ ይሄን ያስተካከለ ሰው በተራ የጎማ ባላንስ እርሳስ ዕድሜ ልኩን ያድናል። ላይኖታይፕ በተጨማሪ ተሰባሪ ነው፣ አጥንት ላይ ይሸረፋል።

ከኪዝ በኋላ ጄ ዲ ጆንስ ሀንድገን ሀንተርስ ኢንተርናሽናልን መሥርቶ ለ44 ማግነም ከ300 ግሬን በላይ የሆኑ አረሮችን አስለመደ፣ ቬራል ስሚዝ ኤልቢቲ በሚባሉት ሞልዶቹ ጫፉን ይበልጥ አሰፋው፣ ዲክ ካሱል በ1950ዎቹ የጀመረው 454 ካሱል የሚባል ጥይት 1983 ላይ በፍሪደም አርምስ ሽጉጥ ወጣ፣ ጆን ላይንባው ዋዮሚንግ ውስጥ በ1980ዎቹ 500ና 475 ላይንባው የሚባሉትን ጥይቶች ሠራ፣ ሮስ ሴፍሪድ ደግሞ በላይንባው ሽጉጥና በእርሳስ አረር አፍሪካ ሄዶ ጎሽ ጣለ፣ በእርሳስ ትልቅ እንስሳ አይታደንም ይሉ የነበሩትን ያስቆመው ይሄ ይመስለኛል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ዋናው ለውጥ አረሩን በግሪስ ፋንታ በፓውደር ኮት (በሙቀት በሚጋገር የዱቄት ቀለም) መቀባት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ለመቅዳት ግን ከ370 እስከ 400 ይፈለጋል። የንብ ሰም ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጣል ተደርጎ ይማሰላል፣ ቆሻሻው ከላይ ተንሳፎ ይጠረጋል፣ ቲኑ ተመልሶ ይዋሃዳል። ሞልዱ ካልሞቀ አረሩ ተጨማዶ ይወጣል፣ ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ አመድማ መልክ ይይዛል፣ አመዳሙ ቂጡ ስል ከሆነ ይተኮሳል፣ የተጨማደደው ግን ወደ ድስቱ ይመለሳል። ቂጡ ያልሞላ አረር በፍጹም አይቀመጥም፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ጎን ገፍቶ ያጣምመዋልና። ከዛ በሳይዘር ልኩ ይወጣል፣ ግሪስ ይገባበታል፣ በኤንአርኤ (የአሜሪካ የጠመንጃ ማኅበር) ቴክኒክ ክፍል የነበረው ኢ ኤች ሃሪሰን ያስተዋወቀው ግማሽ የንብ ሰም ግማሽ አሎክስ የሚባል ቅባት እስከ ዛሬ መደበኛው ነው።

የባሩድ መጠን እዚህ አልጽፍም፣ ከታተመ ማኑዋል እንጂ ከሰው አፍ አይወሰድም፣ ከታችኛው ተጀምሮ ነው ቀስ እየተባለ የሚወጣው። የድሮ የኪዝ ልኬቶችን እንዳለ መገልበጥም ልክ አይደለም፣ ያኔ የነበረው ቀለሃ ውስጡ ሰፋ ያለ ነበር። ኤች110 እና 296 የሚባሉት የባሩድ ዓይነቶች ደግሞ እንደሌላው ባሩድ ከማኑዋሉ በታች መቀነስ አይወዱም። ቀለሃው አፉ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ካልታጠፈ በሽጉጡ ርግጫ አረሮቹ ወደፊት ይንሸራተቱና ሲሊንደሩ አልዞር ይላል፣ ድብ ፊት ለፊት ቆሞ ይሄ አይፈለግም።

ድስቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ከገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ እርሳሱን ጣራ ድረስ ይረጨዋል፣ ስለዚህ መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ጫማ ግድ ነው። መርዙን በተመለከተ በዚህ ሙቀት የሚተነው እርሳስ ትንሽ ነው፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚገባው፣ ድስቱ ላይ የሚቀረው አመድና የተተኮሰ ፕራይመር አቧራ ናቸው የሚያስፈሩት። አየር ያለበት ቦታ መሥራት፣ እዛው አለመብላት፣ ልጆችን ማራቅ፣ ደምን በየጊዜው ማስመርመር።

እርሳሱ ራሱ እየጠፋ ነው። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተንን የመሳሰሉ ስቴቶች የእርሳስ ጎማ ባላንስ ከልክለዋል፣ ዛሬ ጎሚስታ የሚሰጥህ ባልዲ ውስጥ ግማሹ ዚንክና ብረት ነው፣ ዚንክ ከገባ ቅይጡ ሞልዱን አልሞላ ይላል። ካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለውን አሞራ ለማዳን 2013 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ አረር መጠቀም ከልክላለች። አሞራው የሚመረዘው እርሳስ ያለበት ሬሳና ሆድዕቃ በልቶ ነው፣ ይሄ በጥናት የተረጋገጠ ነው። በእርሳስ አፍሳሾቹ በኩል የኛ አረር በፍጥነት እንደሚሄድ የጠመንጃ አረር ስለማይበጣጠስና ሙሉ ሆኖ ስለሚወጣ ጉዳቱ ያንሳል የሚል ክርክር አለ፣ ውሃ የሚያነሳ ክርክር ነው፣ ሕጉ ግን አይለይም።

ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለመሸጥ ከሆነ ግን የአምራች ፈቃድ የግድ ነው። የአደን ሕግ የየስቴቱ ነው፣ አንዱ ዝቅተኛ የአረር ውፍረት ያስቀምጣል፣ ሌላው ጉልበት ይለካል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲመታ የሚሰፋ አረር ብቻ ይላል፣ በዚህኛው ስቴት ጠንካራ እርሳስ ይዞ መውጣት ያስቀጣል። አገር ቤት ሆኖ ይሄን የሚያነብ ካለ ደግሞ እዛ የመሣሪያ ጉዳይ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው (ይሄ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ የአሜሪካ ነገር ነው።