«የሰውነት ፈሳሽ» ሲባል የትኛው ነው? ኤችአይቪ የሚተላለፍበትና የማይተላለፍበት መንገድ

«ኤችአይቪ በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል» የሚለው አባባል ሳይብራራ ሲደጋገም ማየት በጣም ያሳስበኛል። ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማረሙ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው። ደም የሰውነት ፈሳሽ ነው፤ እንባና ላብም እንዲሁ። አንባቢው ሁሉንም እኩል ይፈራና ወንድሙ የጠጣበትን ብርጭቆ ለይቶ ያስቀምጣል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ምራቅና ላብም የሰውነት ፈሳሾች ስለሆኑ፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች ጋር ንክኪን መቀነስ ይመከራል» ብሎ ጽፎ አነበብኩ። እንዲህ የሚል የሕክምና መመሪያ የለም። ኖሮም አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ቫይረሱ በተለየበት በ1983 እ.ኤ.አ. እንኳ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በሽታው በተራ ንክኪ፣ በምግብ፣ በውሃና በአየር እንደማይተላለፍ ገልጸው ነበር።

የሚያስተላልፉት ፈሳሾች እነዚህ ናቸው፦ ደም፣ የወንድ የዘር ፈሳሽ (ከእሱ ቀድሞ የሚወጣውን ጨምሮ)፣ የሴት ብልት ፈሳሽ፣ የፊንጢጣ የውስጥ ፈሳሽና የጡት ወተት። በቀዶ ሕክምናና በማዋለጃ ክፍል ለምንሠራ ሰዎች የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ፈሳሽ እንዲሁም የእንሽርት ውሃም ይጨመራሉ፤ ከወሊድና ከሕክምና ሥራ ውጭ ግን ብዙውን ጊዜ አያጋጥሙም። ላብ፣ እንባ፣ ንፍጥ፣ ሽንት፣ ትውከትና ምራቅ ደም ካልተቀላቀለባቸው በቀር ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው።

ዝርዝሩን ግን ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። የማይታወቀው ለምን እነዚህ ብቻ እንደሆኑ ነው። ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ቫይረሱ ካለ ይተላለፋል» ብሎ ያስባል። መኖርና መተላለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቫይረሱን እንደ ፍም እንየው። ፍም ከአንዱ ምድጃ ወጥቶ ሌላ ቦታ እሳት ለማስነሳት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ ያልጠፋ መሆን፣ መጠኑ የሚበቃ መሆን፣ መውደቂያው ደረቅ ገለባ መሆን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሳት የለም። በሰውነታችን ውስጥ ገለባው ሲዲ4 የሚባለው የመከላከያ ሴል ነው። ኤችአይቪ በዚህ ሴል ላይ ካልተጣበቀና ወደ ውስጡ ካልገባ መራባት አይችልም። ያልተቆረጠ፣ ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ቫይረሱ የሚይዘው ነገር የለም፤ ቆዳ ለዚህ ፍም ድንጋይ ነው። ስለዚህ በጤነኛ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ደም በውሃና በሳሙና ይታጠባል እንጂ አያስተላልፍም።

የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ግን ሌላ ነው። የሚሸፍነው አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው፤ ከሥሩም ሲዲ4 ሴሎች በብዛት አሉ። ለዚህ ነው ኮንዶምም መድኃኒትም በሌለበት፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት ተቀባዩ ወገን ላይ ያለው አማካይ ዕድል ከ10,000 ግንኙነት ወደ 138 ሲሆን፣ በብልት በሚደረገው ግን ለሴቷ ወደ 8፣ ለወንዱ ወደ 4 የሚሆነው። መርፌን በጋራ መጠቀም ወደ 63 ይደርሳል። ቫይረሱ ያለበትን ደም በቀጥታ መቀበል ደግሞ ከ10,000 ከ9,000 በላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፍሙ ገለባው መሐል ተዘረገፈ ማለት ነው። የሚለገስ ደም ሁሉ የሚመረመረው ለዚህ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። «ከ10,000 8» የሚለውን አንብቦ «እንግዲያው አያሰጋም» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁና። ቁጥሩ አማካይ ነው። የአባላዘር ቁስል ካለ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቁስሉ መግቢያ ከመክፈቱም በላይ እብጠቱ ሲዲ4 ሴሎችን ወደዚያ ስለሚሰበስብ ገለባው ይከመራል። ሌላው ሰው ቫይረሱ የያዘው በቅርብ ሳምንታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ሚሊዮኖች ቫይረሶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በዚያው ጊዜ ምርመራው ገና «ነፃ» ሊል ይችላል። ከአንድ ግንኙነት የተያዙ ሰዎች አሉ።

ወደ ምራቅ ልመለስ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ያው አስተያየት ሰጪ «ምራቅ ውስጥ ከሌለ ታዲያ በአፍ ምርመራ እንዴት ይታወቃል?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን በግልጽ የሚያስረዳ ሰው ግን እምብዛም አልገጠመኝም። በአፍ የሚደረገው ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግም። ድድ ላይ የሚታሸው መሣሪያ የሚሰበስበው ፀረ እንግዳ አካላትን ነው፤ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራቸውን ፕሮቲኖች። እነሱ አይራቡም፣ ሴል ውስጥ አይገቡም፣ ማንንም አይዙም። ያ ምርመራ የሚያየው ጭሱን ነው፤ ጭስ የሆነ ቦታ እሳት እንዳለ ይናገራል እንጂ ገለባ አያቀጣጥልም።

እርግጥ ነው፣ በአንዳንድ ሰዎች ምራቅ ውስጥ በላቦራቶሪ የቫይረሱ ዘረመል ተገኝቷል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች «አያችሁ!» ይላሉ። ዘረመሉ መገኘቱ ግን መያዝ የሚችል ቫይረስ አለ ማለት አይደለም። ምራቅ ከደም ይልቅ ጨዉ በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ቫይረሱን የተሸከሙ ሴሎች ወደ አፍ ሲገቡ ውሃ ጠጥተው ይፈነዳሉ። በዚያ ላይ ምራቅ ቫይረሱን የሚያዳክሙ ፕሮቲኖች አሉት። ፍሙ በጣም ጥቂት ነው፣ እሱም እርጥብ ላይ ወድቋል። ከአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ በአንድ ማንኪያ መብላት፣ ጉንጭና ከንፈር መሳም አያስተላልፍም። ማስነጠስና ማሳልም እንደዚያው።

ሙያዬ ሁለት ነገር እንድጨምር ያስገድደኛል። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አፍ ከፍቶ በጥልቀት በመሳሳም ሳይሆን አይቀርም የተባለ አንድ መተላለፍ ተመዝግቧል፤ ቫይረሱ የነበረበት ሰው ድድ ይደማ ስለነበር ግን ምክንያቱ ወደ ደም የሚያመለክት ነበር። እንዲሁም አሳዳጊዎች ምግብ አላምጠው ለሕፃናት ሲያጎርሱ የተላለፈባቸው ጥቂት ልጆች ተመዝግበዋል፤ እዚያም ያስተላለፈው ከአላማጩ አፍ የወጣ ደም እንደሆነ ነው የሚታመነው። ስለዚህ ለሕፃን ምግብ አላምጦ መስጠት ቢቀር ይመረጣል። ሁለቱም ጉዳዮች ስለ ደም የሚናገሩ ናቸው፤ ስለ ብርጭቆው የሚሉት የለም።

ስለ ትንኝ ደግሞ በአጭሩ ልበል። ትንኝ ስትነክስ ወደ ሰው የምታስገባው የራሷን ምራቅ ነው፤ ከቀድሞው ሰው የመጠጠችው ደም በሌላ መስመር ወደ ሆዷ ሄዶ ይፈጫል። ኤችአይቪም በትንኝ ውስጥ አይራባም። የወባ ተውሳክ ግን በትንኟ ውስጥ ያድጋል፤ ሁለቱን ማመሳሰል የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ከሰውነት ውጭ ስላለው ቫይረስም ብዙ ይባላል። ደም ተንጠባጥቦ ሲደርቅ በውስጡ ያለው መያዝ የሚችል ቫይረስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ90 እስከ 99 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም የታየው በላቦራቶሪ ሆን ተብሎ እጅግ በበዛ ቫይረስ ነው። የመጸዳጃ መቀመጫ፣ የበር እጀታ፣ ፎጣና የመዋኛ ገንዳ የሚያሰጉበት መንገድ የለም። መርፌ ግን ይለያል፤ በሲሪንጅ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ደም አየር ስለማያገኘውና ስለማይደርቅ ቫይረሱ እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በሥራ ላይ ቫይረሱ ባለበት መርፌ የሚወጋ የጤና ባለሙያ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። ትንሽ ቢሆንም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ግን በዚያው ሰዓት መድኃኒት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ይህ መድኃኒት በመርፌ ለተወጋ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ኮንዶም ለተቀደደበትና ለተደፈረ ሰውም ነው። በአራተኛው ቀን የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ልቤ ይሰበራል።

«ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ አብሮ የኖረ ሰው ታይቷል ወይ?» ለሚል፣ ታይቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የኤድስ ሕሙማን ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጥቷል። ከሕሙማኑ ጋር የወሲብ ግንኙነት የሌላቸው 101 ሰዎች ቢያንስ ለሦስት ወር አብረው ኖረዋል፤ ዕቃ፣ መታጠቢያና አልጋ የተጋሩ፣ የተቃቀፉና የተሳሳሙ ብዙዎች ነበሩ። ቫይረሱ የተገኘው በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከእናት በወሊድ አካባቢ የተላለፈ እንደሆነ ተገምቷል። በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረም፤ ፍሙ በየቤቱ ግሎ ነበር። በብርጭቆ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይታይ ነበር።

ዛሬ ደግሞ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው የተዳፈነ እሳት ነው ያለው። ፍሙ አልጠፋም፤ በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ተኝቶ አለ፣ ስለዚህም ይህ ሰው ከበሽታው ድኗል አይባልም። አመዱ ግን በላዩ ነው፣ ወደ ጎረቤት የሚዘል ብልጭታ የለም። ይህም ምኞት አይደለም፤ ተቆጥሯል። በ2016 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው በወጣ ሁለት የአውሮፓ ጥናቶች፣ አንደኛው ወገን ቫይረሱ ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ከ200 ቅጂ በታች የሆነ ጥንዶች ክትትል ተደርጎላቸዋል። ያለ ኮንዶም የተደረገው ግንኙነት በመጀመሪያው ወደ 58,000፣ በሁለተኛው ወደ 76,000 ነበር። ከጥንዶቹ አንዱ ወደ ሌላው ያስተላለፈው ዜሮ ነው። በጥናቱ መሐል ቫይረሱ የያዛቸው ሰዎች ነበሩ፤ የቫይረሱ ዘረመል ሲመረመር ግን ከአጋራቸው ሳይሆን ከሌላ ሰው የመጣ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በወሲብ የማስተላለፍ ዕድሉ ዜሮ ነው ብሏል።

ገደቡን ካልነገርኩ አሳሳትኩ። ዜሮው የተረጋገጠው ለወሲብ ግንኙነት ነው። በጡት ማጥባት ዕድሉ እጅግ ይወርዳል እንጂ ዜሮ ተብሎ አልተረጋገጠም። ምንም ሕክምና ከሌለ ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በማጥባት የሚተላለፈው ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርስ ነበር፤ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይሆናል፣ በደንብ በሚከታተሉ እናቶችም ከዚያ በጣም ያነሰ። መርፌ መጋራትም በዚህ ዜሮ ውስጥ አይገባም። የቫይረሱ መጠን በምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ መድኃኒት መጀመር ብቻውን አይበቃም፣ እስኪዳፈን ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይፈጃል።

አስተያየት ሰጪው በመጨረሻ «ለጥንቃቄ ብዬ ብርጭቆ ብለይ ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ብርጭቆው የተለየበት ሰው መድኃኒቱን ከዚያ ቤት መደበቅ ይጀምራል። የመድኃኒት ብልቃጡን ያወጣና ክኒኖቹን በወረቀት ይጠቀልላል፤ እንግዳ ካለ አይውጥም፣ መንገድ ሲሄድ ይዞ አይወጣም፣ ሐኪም ቤት የሚያውቀው ሰው ካየ ተመልሶ ይሄዳል። ክኒኑ ሲቋረጥ አመዱ ይነሳል፤ ቫይረሱ በብዙዎች ላይ በሁለትና በአራት ሳምንት መካከል በደም ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ያን ጊዜ የትዳር አጋሩ፣ ክኒኑን ያቋረጠችው እርጉዝ ሴት ከሆነችም በሆዷ ያለው ልጅ፣ ከበፊቱ እጅግ የበለጠ አደጋ ላይ ይወድቃሉ።