«ሥራ ይችላል፣ ግን ይዘገያል»፦ ስለ አዲስ የፋይበር ቴክኒሻን የሚባለውና እውነታው

የፋይበር ኢንተርኔት ጥገና ቡድን የመራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ገጥሞታል። ትምህርቱን በደንብ ጨርሷል። የሠራው ተመልሶ አይበላሽም፣ ደንበኛም አያማርርበትም። ነገር ግን ሌላው አምስተኛ ቤቱን ሲዘጋ እሱ ገና ሁለተኛው ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቶሎ ተስፋ ሲቆረጥ ማየት ያሳዝነኛል። ከባዱን ነገር፣ በትክክል መሥራትን፣ ይዞ መጥቷል፤ የቀረው ፍጥነት ነው፤ እሱ ደግሞ በትምህርት የሚመጣ ነገር ነው። ችግሩ ስለ ዘገምተኛ ቴክኒሻን የሚባለው አብዛኛው ነገር ልክ አለመሆኑ ነው።

የሚባለው፦ «እጁ ቀርፋፋ ነው።»

ስፕላይሰር ሁለት የፋይበር ጫፎችን አስተካክሎ አቅልጦ ለማጋጠም 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን መከላከያ ቱቦ በማሞቂያው ማኮማተር ሌላ ግማሽ ደቂቃ ነው። ልባሱን መግፈፉ፣ በአልኮል መጥረጉና በክሊቨር መቁረጡ ቢጨመር እንኳ ለጀማሪም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ታዲያ ግማሽ ቀን የፈጀው ቤት ላይ ያ ሁሉ ሰዓት የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት ከልጁ ጋር ውሎ ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል፦ ከቢሮ የወጣበት፣ ሰፈሩ የደረሰበት፣ ቤቱን ያገኘበት፣ የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥኑ የተከፈተበት፣ መጀመሪያ የለካበት፣ ጥፋቱን ያወቀበት፣ የጨረሰበት። ያኔ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንዲህ ያለ ነገር ነው። የሥራ ትእዛዙ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከማደያው ጀርባ» ይላል፤ የብሎክ ቁጥር የለውም። የደንበኛው ስልክ ዝግ ነው። ሳጥኑ ያለበት ክፍል ተቆልፏል፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ሄዷል። ልጁ እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት ረፋዱ አልቋል።

ልምድ ያለው ባልደረባው እዚያው ኮንዶሚኒየም ሲላክ ከመነሳቱ በፊት ይደውላል፦ «ብሎክ ስንት ነው? ቤት ሰው አለ? የቆጣሪ ክፍሉን ቁልፍ ማን ይይዛል? መሣሪያው ላይ ቀይ መብራት አለ? የጎረቤትም ጠፍቷል ወይስ የእናንተ ብቻ?» ይህን የሚያደርገው በልማድ ስለሆነ እንደ ሙያ አይቆጥረውም፤ ለአዲሱም አይነግረውም። እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፎ መስጠት ከየትኛውም ምክር በላይ ጊዜ ያተርፋል።

የሚባለው፦ «ጠንቃቃ ሰው ሁሉንም ነገር መፈተሽ አለበት።»

ጎበዙን ልጅ ከሁሉም በላይ የሚጎትተው ይህ ነው። በትምህርት ቤት ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው መፈተሽን ተምሯል፤ ሜዳ ላይም እንደዚያው ያደርጋል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሳጥን ይከፍታል፣ ፋይበሩን በሙሉ ያያል፣ ከዚያ ወርዶ ጥፋቱ ከራውተሩ የይለፍ ቃል እንደሆነ ይደርስበታል።

ደንበኛው ቤት ያለው መሣሪያ ግን ገና በር ሲገባ ብዙ ይናገራል። «ሎስ» የሚለው መብራት በቀይ የሚርገበገብ ከሆነ ብርሃን እየደረሰ አይደለም፣ ወይም ከሚገባው በታች ነው፤ ጉዳዩ የገመድ ነው። ቀዩ ጠፍቶ «ፖን» የሚለው ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ደርሷል ግን መሣሪያው ከማዕከሉ ጋር አልተመዘገበም፤ ኃይሉን ለክቶ ደህና ካገኘው ወደ ማዕከል መደወል እንጂ መሰላል ማውረድ አያስፈልግም። ፖን ሳይርገበገብ በርቶ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ችግሩ ከራውተሩ ቅንብር (ሴቲንግ) ወይም ከደንበኛው ሒሳብ ጋር ነው፤ ፋይበሩን መንካት አያሻም።

የገመድ ሆኖ ከተገኘም መንገዱን ለሁለት ከፍሎ መፈተሽ ነው። የብርሃኑን ኃይል የሚለካው ፓወር ሜትር ቤት ውስጥ -30 ዲቢኤም ካሳየ (ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው) ቀጣዩ ልኬት የማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ይሁን። እዚያ -19 ከሆነ ጥፋቱ ከሳጥኑ እስከ ቤቱ ባለው ገመድ ላይ ነው፤ እዚያም -30 ከሆነ ቤቱን ትቶ ወደ ላይ መሄድ ነው። ሁለት ልኬት ግማሹን ሥራ ያስቀራል። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት «ይህ ቁጥር ምን ቢሆን ምን አደርጋለሁ?» ብሎ እንዲመልስ ማለማመድ ጥሩ ነው፤ መልሱ ድርጊቱን የማይለውጥ ልኬት ይቅር።

የሚባለው፦ «ጥራት ስለሚወድ መዘግየቱ የግድ ነው።»

ጥራት የሚወድ ሰው የሚዘገየው መቼ በቃ እንደሚባል ማንም ስላልነገረው ነው። ስፕላይሰሩ መገጣጠሚያው ላይ የሚጠፋውን ብርሃን 0.05 ዲቢ ብሎ ሲያሳየው ቆርጦ እንደገና ይሠራል፣ 0.03 ሲመጣም አይረካም፣ 0.01 ይፈልጋል። ቁጥሩ ግን ማሽኑ በካሜራው አይቶ የገመተው እንጂ የለካው አይደለም።

ሒሳቡን አብሮት ተቀምጦ መሥራት ያስፈልጋል። ብርሃኑ ከማዕከል በ3 ዲቢኤም ገደማ ወጣ እንበል። ለ64 ደንበኛ የሚከፋፍለው ስፕሊተር ወደ 20 ዲቢ ይወስዳል፣ ገመዱና ኮኔክተሮቹ ሌላ ሦስት ያህል። ቤት የሚደርሰው -20 አካባቢ ነው፤ ደንበኛው ቤት ያለው የተለመደ የጂፖን (የፋይበር ኢንተርኔት ዓይነት) መሣሪያ ደግሞ እስከ -27 ድረስ ይቀበላል። እዚህ ሒሳብ ውስጥ በ0.05 እና በ0.01 መካከል ያለችው 0.04 ዲቢ ምንም አትለውጥም። በአንጻሩ አረንጓዴ ኮኔክተር ሰማያዊው ላይ ቢሰካ፣ የአረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ሁለቱ አይገጥሙም፤ በርካታ ዲቢ እዚያው ይቀራል። የልጁ ጥንቃቄ ወደዚህ ይዙር።

ስለዚህ ቡድኑ ገደቡን በቁጥር ይጻፍለት፦ መገጣጠሚያው ከ0.1 በታች ከሆነ ይዘጋል፣ የቤት ውስጥ ልኬቱ መሥሪያ ቤቱ ካስቀመጠው ገደብ የተሻለ ከሆነ ሥራው አልቋል። አለቃው በዚያ ቁጥር የተዘጋን ሥራ በኋላ «ለምን አላሻሻልከውም?» ብሎ መጠየቅ የለበትም። አንድ ጊዜ ከተጠየቀ ልጁ ወደ 0.01 ፍለጋው ይመለሳል።

የሚባለው፦ «ቶሎ በል ሲባል ይፈጥናል።»

ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚዘለው መጥረግ ነው፤ ቢዘለልም ለጊዜው አይታወቅምና። ብርሃኑ የሚሄድበት የፋይበሩ እምብርት ወርዱ 9 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ዓይን የማይለየው አቧራ ይዘጋዋል። ሌላው የሚረሳው መከላከያ ቱቦው ነው፤ ከመገጣጠሙ በፊት ካልገባ የተገጠመውን ቆርጦ ከመጀመር ውጭ መንገድ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። በማግስቱ ወደዚያው ቤት መመለስ መንገዱን፣ ጥበቃውን፣ ቁልፉን ሁሉ እንደገና ያስከፍላል።

እጅ ላይ የሚገኝ ፍጥነት ካለ በመደራረብ ነው፦ የአንዱ ቱቦ ማሞቂያው ውስጥ ሳለ የሚቀጥለው ፋይበር ተገፎ ይጠረጋል። ጀማሪው ማሞቂያው እስኪጮህ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን አንድ ጊዜ ማሳየት ይበቃል።

የሚባለው፦ «ከፈጣኑ ጋር ይሂድ፣ አይቶ ይለምዳል።»

ከፈጣኑ ጋር ሲሄድ መሰላል ይይዛል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ማታ ይመለሳል። ፈጣኑ ውሳኔውን በልቡ ስለሚወስን ልጁ የሚያየው እጁን ብቻ ነው። ይገለባበጡ፦ አዲሱ ይሥራ፣ ነባሩ አጠገቡ ቆሞ ይጠይቀው፣ «አሁን ምን ጠረጠርክ? ለምን?»። ነባሩ መሣሪያውን ከእጁ መቀማት አይፈቀድለት። በእነዚያ ቀናት ከነባሩ ላይ የሥራ ኮታው ይቀነስለት፤ አለዚያ መሣሪያውን መቀማቱ አይቀርም።

ብቻውን ሲወጣ ደግሞ የመደወያ ሰዓት ይኑረው። ጥፋቱን ሳያውቅ 20 ደቂቃ ካለፈ መደወል ግዴታ ይሁን፤ ሲደውልም የመብራቶቹን ሁኔታ፣ የሁለቱን ቦታ ልኬትና ግምቱን ይናገር። የሚያፍር ልጅ ፈቃድ ሲሰጠው አይደውልም፣ ግዴታ ሲሆን ግን ይደውላል።

የሚባለው፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ተዉት።»

ተረቱ መልካም ነው። ሜዳ ላይ ግን ማንም ያላረመው ልማድ ከጊዜ ጋር ይደነድናል እንጂ አይፈጥንም።

የሚባለው፦ «መሣሪያው ለሁሉም ያው ነው።»

አይደለም። አሮጌው ስፕላይሰር ሁልጊዜ የሚደርሰው ለአዲሱ ልጅ ነው። የክሊቨሩ ምላጭ ከደነዘዘ ቁርጡ ይጣመማል፤ ማሽኑ «ስህተት» እያለ ይመልሰዋል፣ ልጁም እጁን ይጠራጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ስፕላይሰሩ ፋይበሩን የሚያቀልጥበት የኤሌክትሪክ ብልጭታ (አርክ) ኃይሉ ይለወጣል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ አሮጌዎቹ ግን ዝቅ ካሉት ከአዳማ ወይም ከአዋሽ ሲመለሱ የአርክ ማስተካከያ ይፈልጋሉ። ልጁን ከመውቀስ በፊት የፈጣኑን መሣሪያ ለአንድ ሳምንት አውሶ ማየት ነው።

የሚባለው፦ «ሁሉም ነገር መፍጠን አለበት።»

የማይነኩ ደቂቃዎች አሉ፤ አለቃው በግልጽ ሊናገራቸው ይገባል። መሰላል ማሰርና ቀበቶ መታጠቅ፣ ምሰሶው ላይ የኃይል መስመር መኖሩን ማየት፣ 15 ኪሎ ቮልት የሚያልፍበት ከሆነም ሳይወጡ መደወል። የፋይበር ጫፍን በዓይን አለማየት፤ ወደ ደንበኛው የሚመጣው ብርሃን በ1490 ናኖ ሜትር ላይ ስለሆነ ዓይን አያየውም፣ የጠፋ ይመስላል። የተቆረጡ ስብርባሪዎችን አንድ በአንድ ለቅሞ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ መክተት፣ በተለይ ሕፃን በሚድህበት ቤት። ሰዓት ሲጻፍ እነዚህ ከሒሳቡ ውጭ ይሁኑ፤ ልጁም ውጭ መሆናቸውን ይወቅ።