የጦር ሜዳ የጀልባ ሞተሮች፦ ከ80 ዓመት በኋላ ማስነሳት

አውትቦርድ ሞተር ማለት ከጀልባ ኋላ በብሎን የሚታሰር፣ ሥራው ሲያልቅ ተፈትቶ የሚነሳ ሞተር ነው። ሲታይ ሰላማዊ ነገር ይመስላል፤ ለዓሣ ማጥመጃ፣ ለሽርሽር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ወንዝ መሻገር ያለበት ሠራዊት ሁሉ ይፈልገው ነበር፤ በተለይ ድልድዩ ፈርሶ ጠላት ከማዶ አድፍጦ ሲጠብቅ። ያኔ ለጦር ሠራዊት ከተሠሩት ውስጥ የተረፉትን እያፈላለጉ አድሰው ውኃ ላይ የሚያስነሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። አሜሪካ ውስጥ የድሮ አውትቦርድ ሞተር ወዳጆች ክበብ ከተመሠረተ እንኳ ብዙ ቆይቷል፤ በ1965 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ሞተሩን ለሰፊው ገበያ ያበቃው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው፤ በ1909 ሚልዋኪ ላይ መሸጥ ጀመረ። ከእሱ በፊት የሞከሩ ነበሩ፣ ስሙን ይዞ የቀረው ግን እሱ ሆነ። ጦርነቱ ሲመጣ የኤቪንሩድና የጆንሰን ሞተሮች በአንድ ኩባንያ ሥር ይሠሩ ነበር። ሠራዊቱም ከሁለቱም ወሰደ። 22 የፈረስ ጉልበት ያለው ጆንሰን ፒኦኤልአር ለመሐንዲሶች ክፍል የድልድይ ሥራ ዋለ። ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሳው ግን ባለ 50 የፈረስ ጉልበቱ የኤቪንሩድ «ስቶርም ቦት» ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተጋጠሙበት፣ ባለ ሁለት ምት፣ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ፣ መሠረቱ የእሽቅድምድም ሞተር የሆነ። አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም።

ሥራው ቀላልና አስፈሪ ነበር። ጥቂት ወታደሮች የጫነች የኮምፔንሳቶ ጀልባ በሙሉ ፍጥነት ወንዙን ትሰነጥቃለች፣ ማዶ ስትደርስም ፍጥነት ሳትቀንስ ዳርቻው ላይ ትወጣለች። በማርች 1945 አሜሪካኖች የጀርመኑን ራይን ወንዝ ሲሻገሩ እነዚህ ጀልባዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1944 ሌሊት፣ ሆላንድ ውስጥ አርነም ከተማ አካባቢ ተከብበው የነበሩትን የእንግሊዝ አየር ወለድ ወታደሮች የካናዳ መሐንዲሶች በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ከወንዙ ማዶ አውጥተዋል። ከ2,000 በላይ ሰው ተረፈ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ አላቆመም፣ ሞተሮቹም እየራሱ ይጠፉባቸው ነበር። በጥይት ሥር፣ በጨለማ፣ ገመድ እየሳቡ የራሰ ሞተር ማስነሳት ምን እንደሚመስል አስቡት።

እንግሊዞች ደግሞ ብሪቲሽ ሲጋል ነበራቸው። ፑል በምትባል የወደብ ከተማ ይሠራ የነበረ፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ መልኩ እንኳ የማያምር ሞተር ነው። ባሕር ኃይሉ ሞዴል 102 የሚባለውን በብዛት አዘዘ። ለፍጥነት አይደለም፤ ፕሮፔለሩ ትልቅና ዝግ ብሎ የሚዞር ስለሆነ ከባድ ጭነት ይገፋል። ለጀማሪ የምመክረው ይሄንኑ ነው። የሚፈታ ነገር ትንሽ ነው፣ መለዋወጫም ይገኛል።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው በርካሽ ለሕዝብ ተሸጠ። ስቶርም ቦቱን እሽቅድምድም ወዳጆች ተሻሙበት። ገሚሱ ጎተራ ውስጥ ቀረ፣ ገሚሱን የጨው ውኃ በላው። ዛሬ የሚገኘው ይሄ ነው።

ማደሱ የሚጀምረው ከቀለም አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ መዞሩ ይታያል። ፒስተኑ ከያዘ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጎ ቀናት፣ ካስፈለገም ሳምንታት መጠበቅ እንጂ በመዶሻ አይሆንም። አሉሚኒየም ውስጥ ዝጎ የተጣበቀ ብሎንም እንዲሁ ነው፤ ሙቀትና ትዕግሥት ይፈልጋል። የተቆረጠ ብሎን ከጉዳዩ ሁሉ አሰልቺው ነው።

ቀጥሎ ብልጭታ። እነዚህ ሞተሮች ባትሪ የላቸውም፤ ካንዴላውን የሚያበራው ከቮላኖው (ሞተሩ አናት ላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር ያለው፣ በማግኔት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማግኔቶ ነው። የቦቢናው፣ ማለትም የሽቦ ጥቅልሉ፣ ልባስ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ኮንደንሰሩ ይሞታል፣ ተገናኝተው የሚለያዩት የብረት ነጥቦች ይዝጋሉ። ነጥቦቹን ማጽዳት ብቻ የሚያስነሳው ሞተር ብዙ ነው፤ ካልሆነ ቦቢናው ይቀየራል ወይም እንደገና ይጠቀለላል። ቮላኖውን ለማውለቅ ጠርዙ ሥር ካቻቢቴ ከተው የሚጎረጉሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ! መንቀያ መሣሪያ አለው።

ከዚያ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል። ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ብዙውን ጊዜ ከቡሽ የተሠራ ነው፣ ቤንዚን እንዳይጠጣ ሼላክ በሚባል ቫርኒሽ ይቀባል። የዛሬ ቤንዚን ኢታኖል ሲኖረው ሼላኩን ያሟሟዋል። ቡሹ ቤንዚን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ካርቡራተሩም እየሞላ ይፈስሳል። ሰው የሞተሩን ግማሽ ፈትቶ ሲያበቃ ጥፋቱ አውራ ጣት የምታህል ቡሽ ሆና ትገኛለች። ቤንዚን የማይበግረው ልባስ መቀባት ወይም በአዲስ መቀየር ነው።

ዘይቱ ላይ ደግሞ መሰሰት የለም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) የሚዞረው ብዙውን ጊዜ በነሐስ ቡሽንግ፣ ማለትም በነሐስ ቀለበት ውስጥ ስለሆነ የዛሬው 50 ለ 1 ቅልቅል (50 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት) አይበቃውም፤ ለአሜሪካኖቹ ከ16 ለ 1 እስከ 24 ለ 1፣ ለድሮ ሲጋል 10 ለ 1 ድረስ ይደርሳል። ጭሱ የድሮ ቬስፓ የሚያውቅ ሰው የሚያስታውሰው ዓይነት ነው፣ ሽታውም እንደዚያው።

ቀለሙ ላይ ወዳጆቹ ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ አሸዋ ነፍቶ ከፋብሪካ የወጣ ያስመስለዋል። ሌላው ጭረቱንም የወታደር ቀለሙንም አይነካም። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ያ ቀለም ግን አይመለስም። ቢያንስ የስምና የቁጥር ሰሌዳውን አትንኩ፣ ለማን እንደተሠራ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ በውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ መሆን አለበት። በደረቅ ማስነሳት የውኃ ፓምፑንም ሲሊንደሩንም ይገድላል። ብዙዎቹ ማርሽ መለያ የላቸውም፤ ገመዱ ተስቦ ከተነሳ ፕሮፔለሩ ያኔውኑ ይዞራል፣ ስለዚህ ጀልባው ላይ ከማስነሳት በፊት ፊት ለፊት ማን እንዳለ ማየት ነው። ቮላኖው ራሱም ክፍት ሆኖ ስለሚሽከረከር እጅጌ የሰፋ ልብስና ረጅም ሻሽ አይለበስም። ከጨው ውኃ ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈስሳል። የታችኛው ማርሽ ቤት ብሎንም ተከፍቶ ቅባቱ ይታያል፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነውና ሳይቀየር ሌላ ጉዞ የለም።